በሐምሌ የተተከለው ዘንግ

ባለፈው ሚያዝያ ሐሙሲት ላይ አዲስ የተሠራ ሆቴል የመብራት ዝርጋታውን እንዳይለት ተጠርቼ ሄጄ ነበር። ባለቤቱ ሌላውን ሁሉ ትቶ በቀጥታ ወደ አንድ መታጠቢያ ቤት ወሰደኝ። ውስጡ ውሃ በጎንና በጎን እየረጨ ገላ የሚያሽ ትልቅ ነጭ ገንዳ፣ ሰው ሁሉ ጃኩዚ የሚለው፣ ውሃ ተሞልቶ ሞተሩ ያጉረመርማል። አንዲት የጽዳት ሠራተኛ እጅጌዋን ሰብስባ ጠርዙን ልትወለውል ጎንበስ ስትል "አትንኪው" ብዬ ጮኽሁባት። ጨርቁ ከእጇ ወደቀ። ባለቤቱ ዞሮ ምን ሆንህ አለኝ፤ ምንም አልሁት። እኔ ጯሂ ሰው ነኝ፣ ቤቴም የሥራ ጓደኞቼም ይህን ያውቁታል። ያን ቀን ግን የጮኽሁት ተናድጄ አልነበረም። በረንዳው ላይ ወጥቼ ተቀመጥሁ።

ነገሩ አሥራ ስድስት ዓመት አልፎታል። ያኔ የሃያ ሦስት ዓመት ጎረምሳ ነበርሁ፤ ከሙያ ትምህርት ቤት ወጥቼ ወረታ ውስጥ መብራት እዘረጋለሁ። ወይዘሮ የሺ የሚባሉ የሩዝ መፈልፈያ ያላቸው ነጋዴ ከደብረ ታቦሩ መንገድ ዝቅ ብሎ ባለው ቦታ ላይ እንግዳ ማረፊያ ሲያሠሩ ቀጠሩኝ። የዚያ ቤት ወሬ ሁሉ አንድ ክፍል ነበር፤ የሙሽሮች ክፍል። ወይዘሮ የሺ አዲስ አበባ ለዘመድ ሠርግ ሄደው ሳለ ጃኩዚ አይተው ኖሮ ወረታ ከማን ታንሳለች ብለው አንድ ገዝተው አስጫኑ። ገንዳው በአይሱዙ ተጭኖ ሲገባ ባጃጅ ነጂዎች ሳይቀሩ ሥራ ፈተው አዩት። ከገንዳው ጋር ደግሞ የሚገጥመው ባለሙያ መጣ፤ ፈለቀ።

ያኔ ጋሽ ፈለቀ እያልሁ ነበር የምጠራው። በራሴ ወረቀት ላይ ግን ጋሽነቱን ነፍጌዋለሁ። ሃምሳ ሊሞላው የደረሰ፣ ቀጭን፣ ካቻቢቴውን እንደ እስክርቢቶ በሸሚዝ ኪሱ የሚሰካ ሰው ነበር። በመጀመሪያው ቀን ስሜን ጠየቀኝ፣ ማሩ አልሁት። የት ተወለድህ አለኝ፣ ቁሐር ሚካኤል አልሁት። ከዚያ ወዲያ ማሩ ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም፤ በወረዳችን ስም ፎገራ ሆንሁ። የአገራችን ላሞች በዚሁ ስም እንደሚታወቁ ጠንቅቆ ያውቃል። ግንበኞቹ እንዲሥቁለት "ወተቱስ ጥሩ ነው፣ ጭንቅላቱ ነው እንጂ" ይልብኛል። ግንበኞቹም የእኛው አገር ልጆች ሆነው ሳለ ይሥቁለት ነበር፤ ይህ ከስድቡ በላይ ያቃጥለኝ ነበር።

ሐምሌ ነው። ከወረታ ጀምሮ እስከ ሐይቁ ድረስ ሜዳው ሁሉ ውሃ ተኝቶበታል፣ ሩዙ ከውሃው ላይ አንገቱን ብቅ አድርጎ አረንጓዴ ምንጣፍ መስሏል። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ይውጣል፤ ሥራ ቦታ ስደርስ ጫማዬን በእንጨት ፍቄ ነበር የምገባው። ምሳ የምታበላን እትዬ እናኑ ነበረች። ከእኔ በዐሥር ዓመት ትበልጣለች፣ የተወለደችው ከእኛ ቤት ማዶ ነው፣ ትንሽ ሳለሁ ወንዝ ስንሻገር በጀርባዋ አዝላኛለች። ወይዘሮ የሺ ለሠራተኛው ምግብ እንድትሠራ፣ ቤቱ ሲከፈት ደግሞ የክፍሎቹ ኃላፊ እንድትሆን ቀጥረዋት ነበር። ሩዝና ጤፍ ተቀላቅሎ የተጋገረ እንጀራ በሽሮ ታቀርባለች፤ እሸት በቆሎ ሲደርስ ደግሞ የተጠበሰውን በቀሚሷ ጠቅልላ ከሁሉ ቀድማ ለእኔ ታመጣለች። ፈለቀ እንጀራውን በሁለት ጣቱ አንሥቶ እንደ ጨርቅ ካየው በኋላ ይህን ነገር ሰው ይበላዋል እንዴ ይላል። ይበላዋል ግን። እየተሳደበ ሁለት ይጨርሳል።

ሥራውን ያውቅ እንደነበር አልክድም፤ ባልክደው ደስ ባለኝ። ጃኩዚ እንደ አምፖል ከየትም መስመር ተቀጥሎ የሚሠራ ዕቃ አይደለም። ውሃና መብራት አንድ ቤት ያድራሉ፣ መሃላቸው ራቁቱን የሆነ ሰው ይቀመጣል። ስለዚህ ከማከፋፈያው ሳጥን የራሱ መስመር ይሳብለታል፤ በዚያ መስመር ላይ ደግሞ ፈለቀ ኧርዝ ሊኬጅ የሚላት ልዩ ብሬከር ትገባለች። ሥራዋ መቁጠር ነው። በአንዱ ሽቦ የሄደው መብራት በሌላው ተመልሶ መምጣቱን ታያለች፤ ጥቂት እንኳ በመንገድ ከጎደለ፣ በውሃ ወይም በሰው ገላ በኩል ወደ መሬት ፈሰሰ ማለት ነውና ዓይን ሳይርገበገብ ትቆርጣለች። ከእሷ ሌላ ግራውንድ የሚባለው ሦስተኛ ሽቦ አለ። እሱ ከሞተሩ አካልና ሰው ከሚይዛቸው ብረቶች ተነሥቶ ግቢ ውስጥ መሬት በተቀበረ የመዳብ ዘንግ ላይ ይታሰራል። ሞተሩ ቢበላሽ ያፈተለከው መብራት ሰው ሳይነካው በዘንጉ በኩል አፈር ይገባል፣ ብሬከሯም ያኔውኑ ትቆርጣለች።

በሁለተኛው ሳምንት እኔ የገንዳውን መመለሻ ሽቦ መገናኛ ሳጥን ውስጥ ከጎረቤት ክፍል መመለሻ ጋር አንድ ላይ አሰርሁት። እስከዚያ ድረስ በሠራሁበት ቤት ሁሉ የማደርገው እንደዚያ ነበር። ብሬከሯ ግን አሁንም አሁንም ትቆርጣለች፤ ሂሳቡ አልገጥም ብሏታል። ፈለቀ አንድ በአንድ ፈትሾ አገኘው። ዝም ብሎ ቢያስተካክለው ምን ነበረበት? እሱ ግን ግንበኞቹን ጠራ፣ ለሳኞቹን ጠራ፣ ወይዘሮ የሺን ከመፈልፈያቸው አስመጣ፣ እኔን መሰላል ላይ አውጥቶ በሰው ሁሉ ፊት በገዛ እጄ አስፈታኝ። ስፈታ ከታች ሆኖ፣ ከዛሬ ጀምሮ ካልጠየቅሁህ አትናገር፣ ካላዘዝሁህ አትንካ አለኝ። ወይዘሮ የሺ አንገታቸውን ነቅንቀው ሄዱ። እትዬ እናኑ ብቻ ስወርድ መሰላሉን ያዘችልኝ።

ጥላቻ በየትኛው ቀን ይጀምራል የሚለኝ ሰው ቢኖር ያን ቀን እነግረዋለሁ። ከዚያ በፊት ተናድጄበት አውቃለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ጠላሁት። ሲያስል ድምፁን እጠላ ነበር፣ ሻይ ሲያማስል የማንኪያውን ኳኳታ እጠላ ነበር።

በሳምንቱ ዘንጉን ተከለ። የመረጠው ቦታ ከመታጠቢያ ቤቱ ጀርባ ያለውን ጥቁር ዋልካ ነው። አፈሩ እንደ ገንፎ ስለሆነ የአንድ ሰው ቁመት የማይሞላውን ዘንግ በጥቂት መዶሻ ጨረሰው። መለኪያውን አገናኘ፣ ቁጥሩን አየ፣ ፈገግ አለ። ከዚህ የተሻለ መሬት የትም አላገኝም አለ ለወይዘሮ የሺ። በዚያች ሰዓት እውነቱን ነበር፤ እርጥብ አፈር መብራት አጥብቆ ይቀበላል።

እኔ ግን ያን አፈር አውቀዋለሁ። የፎገራ ዋልካ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ሲሆን ይሸሻል። በየካቲት ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፤ ጥጃ እግሩን ሰብሮበት ያውቃል። አባቴ የከብት ችካል በክረምት ሲተክል አይቼው አላውቅም፤ የሚተክል ሰው ሲያይ ይሥቃል፣ በበጋ ከነገመዱ በጣት ይነቀላልና። በግድ በክረምት መትከል ካለበትም ስንጥቁ ከማይደርስበት ድረስ በጥልቅ ይቆፍርለታል። ዘንጉም ያው ነው። በጋ ሲገባ አፈሩ ዙሪያውን ይሸሸዋል፣ መዳቡ በአየር ላይ ይቆማል፣ ግራውንዱ ስሙ ብቻ ይቀራል። ይህን ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም ነበር።

አፌን ልከፍት ስል ያ ቃሉ ትዝ አለኝ፤ ካልጠየቅሁህ አትናገር። እሺ አልሁ በሆዴ። አልናገርም። በጋው ይንገርህ።

ፈለቀ በነሐሴ ሥራውን ጨርሶ፣ በምርቃቱ ለማስረከብ እመጣለሁ ብሎ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። እኔ የቀሩትን ክፍሎች ስዘረጋ ከረምሁ። በየሳምንቱ ወደ ጀርባ እዞርና ዘንጉን አየው ነበር። በጥቅምት ዙሪያው የጸጉር ክር የምታህል መስመር አወጣ። ሩዙ ታጭዶ ከብቱ ቃርሚያው ላይ ሲሰማራ፣ በታኅሣሥ፣ ጣቴ ገባ። በየካቲት በአውራ ጣቴ ስገፋው እንደ ሕፃን ጥርስ ተነቃነቀ። በተነቃነቀ ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር፤ ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። የምርቃቱን ቀን በልቤ አስቀድሜ አዘጋጅቼዋለሁ፤ እንግዶቹ ተሰብስበው፣ ፈለቀ ካቻቢቴውን በኪሱ ሰክቶ ሲንጎራደድ፣ ዘንጉን በአንድ እጄ መዝዤ ከእግሩ ሥር እወረውርለታለሁ። ምን እንደምል እንኳ ቃል በቃል ተለማምጄው ነበር። ገንዳው ሠርግ እስኪደርስ ተሸፍኖ ስለሚቀመጥ እስከዚያ ማንም አይጎዳም እያልሁ ራሴን አሳምን ነበር። ከወይዘሮ የሺ ቤት እስከ እኔ ክፍል የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። አንድ ቀን ገብቼ ነገሩ እንዲህ ነው ለማለት ዘጠኝ ወር በቂ ጊዜ ነበር።

ምርቃቱ ከፋሲካ በኋላ ባለው ቅዳሜ ሆነ። ገበያ ቀን ነው፤ መንገዱ በአህያና በሩዝ ጆንያ ተጨናንቋል፣ አቧራው ጥርስ ውስጥ ይገባል፣ ሙቀቱ ከጠዋቱ ጀምሮ ትንፋሽ ያሳጣል። ፈለቀ የመጣው በዋዜማው ነው። ሲያየኝ ገና አልሞትህም እንዴ ፎገራ አለኝ። ዘንጉን አልለካውም። አንዴ ለክቶታል፤ የእሱ ሥራ ሁለት ጊዜ አይለካም።

እኔ ከማለዳ ጀምሮ ጀርባው ግቢ ውስጥ ዘንጉ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ እንግዶቹን እጠብቃለሁ። እትዬ እናኑ በፊቴ አለፈች፤ አዲስ ቀሚስ ለብሳለች፣ በአንድ እጇ ባልዲ፣ በሌላው ጨርቅ ይዛለች። ወዴት እንደምትሄድ አውቃለሁ፤ በዚያ በኩል የሙሽሮቹ ክፍል እንጂ ሌላ የለም። ወይዘሮ የሺ ለእንግዶቹ ሞተሩ ሲሠራ እንዲታይ ገንዳው ይሞላ ብለው ኖሯል፤ ይህን በኋላ ነው የሰማሁት። ያን ጊዜ ግን ስለ እሷ አላሰብሁም። የማስበው ስለ ፈለቀ ፊት ነበር።

ከዚያ ሞተሩ ሲነሣ ሰማሁ። ብዙም አልቆየ። አንዲት አጭር ድምፅ፣ እንደ ስቅታ ያለች፣ ከዚያ የወደቀ ሰው ድምፅ፣ ከዚያ ጸጥታ። ሞተሩም ጸጥ አለ።

በመስኮቱ ነበር የገባሁት። አንድ እግሯ ገንዳው ውስጥ፣ ሌላው እርጥቡ ወለል ላይ ሆኖ ተኝታለች። ውስጡን አጥባ፣ ውሃውን ሞልታ ሞተሩን ካስነሣች በኋላ ልትወጣ ስትል የብረት መያዣውን ጨብጣ ኖሮ ጣቶቿ እንደታጠፉ ቀርተዋል። ስትወድቅ ክንዷ ጠርዙ ላይ አርፎ ተሰብሯል። ዓይኗ ክፍት ነው፣ ትተነፍሳለች። ስሟን ስጠራ አየችኝ፣ መናገር ግን አልቻለችም። የሞተሩ መዝጊያ ጎማ ውሃ አሳልፎ፣ ያፈተለከው መብራት ወደ መሬት የሚወርድበት ዘንግ አጥቶ መያዣው ብረት ላይ ተቀምጦ ነበር። የወረደው በእሷ በኩል ነው። በወረደባት ቅጽበት ብሬከሯ ቆረጠች። እትዬ እናኑን ያተረፈቻት ያቺ እኔ መሰላል ላይ የተዋረድሁባት ብሬከር ናት፤ የገጠማት ፈለቀ ነው። ይህን መጻፍ ዛሬም ይመረኛል።

ሰው ተሰበሰበ። ውሃ አጠጧት፣ ክንዷን በነጠላዋ አስረው በረንዳው ላይ አስቀመጧት፣ ወጌሻ የሚጠራ ሰው በባጃጅ ተላከ። ወይዘሮ የሺ ፈለቀ ላይ ዞሩበት። እሱም ፊቱ አመድ መስሎ የማይሆን ነገር ነው፣ በእጄ ለክቼዋለሁ፣ ይሄ ፎገራ የነካካው ነገር አለ አለ።

ይህን ሲል ለወራት የተለማመድሁት ሁሉ መጣልኝ። ኑ ተከተሉኝ አልሁ። ተከተሉኝ፤ እትዬ እናኑም በሰው ተደግፋ መጣች፣ ለምን እንደመጣች አላውቅም። ዘንጉን በአንድ እጄ ያዝሁና መዘዝሁት። አልታገለኝም። ከነሽቦው ፈለቀ እግር ሥር ወረወርሁት።

"እኛ አገር በክረምት የተተከለ ችካል በበጋ እንደሚነቀል ሕፃን ልጅ ያውቃል" አልሁ። "እኔ ገና በሐምሌ ስትተክለው ነው ያወቅሁት። ከዚያ ወዲህም በየሳምንቱ ሳየው ነው የከረምሁት።"

በእርስዎ ስጠራው የኖርሁትን ሰው አንተ ስለው ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር። ጣፈጠኝ። ወይዘሮ የሺ አፋቸውን ያዙ። ፈለቀ ጎንበስ ብሎ ዘንጉን አነሣ፣ የደረቀውን አፈር በአውራ ጣቱ ጠረገው፣ ቀና ብሎም ለመጀመሪያ ጊዜ በስሜ ጠራኝ።

"ማሩ፣ እኔ አላወቅሁም ነበር" አለኝ።

እኔ ገና አልገባኝም ነበር። የገባኝ እትዬ እናኑ ስትናገር ነው። ድምፅዋ ቀጭን ሆኗል፣ ቁጣ እንኳ የለበትም።

"ከሐምሌ ጀምረህ ታውቅ ነበር?" አለችኝ።

የተሰበረ ክንዷን በደህናው እጇ ደገፍ አድርጋ ቀጠለች።

"ታዲያ ዛሬ ጠዋት ባልዲ ይዤ በፊትህ ሳልፍ ምን አልኸኝ?"

ሰው ሁሉ ከፈለቀ ላይ ዓይኑን አንሥቶ ወደ እኔ አዞረ። ወይዘሮ የሺ ከግቢዬ ውጣ ወይም ቆይ አላሉኝም፤ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ እትዬ እናኑን እየደገፉ ሄዱ። ፈለቀና እኔ ብቻ ቀረን፣ ዘንጉ በመሃላችን።

በማግሥቱ አካፋ ይዞ መጣና የት ድረስ ነው የሚሰነጠቀው ብሎ ጠየቀኝ። አሳየሁት። ሁለት ቀን ቆፈርን፤ ከራሳችን በላይ ወርደን አፈሩ በጋውንም የማይደርቅበት ስንደርስ አዲስ ረጅም ዘንግ ተከልን፣ የሞተሩን ጎማም ቀየርን። በሁለቱም ቀን አካፋ አቀብለኝ ከማለት በቀር አልተነጋገርንም። ይቅርታ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልጠየቅሁትም። ሦስተኛው ቀን በአውቶቡስ ሄደ፤ ደህና ሁን እንኳ አላለኝም። እስከ ዛሬ እጠላዋለሁ። ዘንጉን ይዞ አላወቅሁም ነበር ሲል ከአፉ የወጣችው አንዲት እውነት ከስድቡ ሁሉ በላይ አስጠልታኛለች፤ ልመልስባት አልቻልሁምና።

የእትዬ እናኑ ክንድ ጠመም ብሎ ገጠመ። አሁንም ወረታ ናት፣ የራሷን ምግብ ቤት ከፍታለች። ባለፈው ዓመት ገበያ ላይ ፊት ለፊት ተገናኘን፤ በግራ እጇ ዘንቢል ይዛለች። አቀርቅሬ ሰላም አልኋት። እግዚአብሔር ይመስገን አለች፣ ለማንኛውም መንገደኛ እንደሚባለው፣ አለፈችም። ሄጄ እግሯ ላይ መውደቅ ነበረብኝ የሚል ሰው ይኖራል። እኔም ብዙ ጊዜ ብያለሁ።

ሐሙሲት ላይ ያን ቀን የቤቱን መስመር የዘረጋውን ልጅ አስጠራሁት። ከአዲስ አበባ የመጣ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሚሰቅል፣ ስናገር ስልኩን የሚነካካ ልጅ ነው፤ ገና ሳየው ጠላሁት። ዘንጉን መቼ ተከልኸው አልሁት። በክረምት አለኝ። ስለ አፈሩ ነገርሁት። ሣቀብኝ፣ ሽማግሌ ጨቀጨቀን አለ ለባለቤቱ። ደግሜ ነገርሁት። ሰደበኝ። ሦስተኛ ነገርሁትና አካፋ እስኪያመጣ ድረስ በሩ ላይ ቆሜ አላሳልፍ አልሁት። ይህን ደግነት የሚለው ካለ ተሳስቷል። አልወደድሁትም፣ እስከ ዛሬም አልወደውም። የማውቀውን ለጠላሁት ሰው ሁሉ እየዞርሁ የምናገረው ሌላ ሴት ባልዲ ይዛ በፊቴ እንዳታልፍ ነው።

ምክንያቱም ለእትዬ እናኑ ጥያቄ መልስ ነበረኝ፤ በሰው ፊት አፌን ይዞኝ ነው እንጂ። ያን ጠዋት በፊቴ ስታልፍ ቆም ብላ ፈገግ ብላልኝ ነበር። እኔም ያልኋት እንደምን አደርሽ ብቻ ነው።